ቢቸና የፈረደችበት ጉልበት

ላቀው የመሞቱን ወሬ ያመጣልን የሞጣው አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሞተሩን እንዳጠፋ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ያ ሯጩ፣ የጤና ጣቢያው ሰውዬ፣ ላቀው፣ አረፈ እኮ። ትናንት ቀበርነው» አለ። እኔ ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ጆንያ እያወረድኩ ነበር። እጄ ላይ የነበረውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

ከመናኸሪያው ማዶ፣ ባጃጆች በሚቆሙበት በኩል፣ የቆርቆሮ ጥላ አለ። ከሥሩ አግዳሚ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ደግሞ ሰው አለ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ያን ዕለት አምስት ነበሩ። ከአምስቱ አንዱም «ምን ሆኖ?» አላለም። «ነፍስ ይማር» ለማለትም የቸኮለ አላየሁም። የመዝገብ ቤት ጡረተኛው ጋሽ ገበየሁ ከዘራቸውን ወደ ሹፌሩ ቀስረው፣ «ጉልበቱስ?» አሉ።

«የማን ጉልበት?»

«የሟቹ ነዋ። እስከ መጨረሻው ያዘለት ወይ?»

ሹፌሩ የቢቸናን ጉዳይ አያውቅም። ሽማግሌው አእምሯቸው የተነካ መስሎት ራሱን ነቅንቆ ወደ ሻይ ቤት ሄደ። እኔ ግን አውቃለሁ። ይህች ከተማ ስለ አንድ ሰው ሁለት ጉልበቶች ስታወራ ዓመታት አሳልፋለች። ውኃ ሲጠፋ ስለ ጉልበቱ አውርታለች፤ መብራት ሲጠፋ ስለ ጉልበቱ አውርታለች፤ ጤፍ ሲወደድ እንኳ ከጤፉ ይልቅ ጉልበቱ ያሳስባት ነበር።

ጋሽ ገበየሁን አንቱ የምላቸው ዕድሜያቸውን አክብሬ ነው፤ ሌላ የማከብረው ነገር ፈልጌ አጥቻለሁ። ላቀውን ግን አንተ ነው የምለው። አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር፤ «አንቱ ስትለኝ ጉልበቴ ያረጅብኛል፤ ተወኝ» ብሎ ከለከለኝ።

ላቀው የሞጣ ተወላጅ ነው። ቢቸና የመጣው በጤና ረዳትነት ተመድቦ ነው፤ ለሁለት ዓመት ብሎ መጥቶ ጡረታ እስኪወጣ ቆየ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ከትከሻው ቀድሞ የሚሄድ ሰው ነበር። በመጣ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቁምጣ ለብሶ በደጀን መንገድ ሲሮጥ ታየ። ሰው ከየቤቱ ወጣ። አንዲት ሴትዮ ሌባ መስሏት ድንጋይ ይዛ ተከተለችው። አንድ ገበሬ ደግሞ ለታመመ ሰው ሊደርስ ነው ብሎ «የማን ቤት ነው? የማን ቤት ነው?» እያለ አህያውን ትቶ አብሮት ሮጠ። ላቀው አልሰረቀም፤ የታመመ ሰውም የለም። መድረሻም የለውም። መንገድ ዳር ያለ አንድ ዛፍ ጋ ደርሶ ዞሮ መጣ። ከተማውን ያስቀየመው ይህ ነው። የሚሄድበት ሳይኖረው የሚሮጥ ጎልማሳ እኛ ዘንድ ወይ ታሟል ወይ ንቆናል።

ልማዶቹ እስካሁን ዓይኔ ላይ አሉ። በሽተኛ ሲያናግር ተረከዙን ከመሬት እያነሳ እያወረደ ነው። ነገር ሲያስረዳ ሁለት መዳፎቹን ያገጣጥምና ይጫናል፣ ይለቃል፤ ይጫናል፣ ይለቃል። ማንኛውንም ምክር ሲጨርስ ደግሞ «ቀስ በል፤ ማንም አያባርርህም» ይላል። ለሚያስለው ሰውም ይኸው ነው፤ እጁን ማጭድ ለቆረጠውም ይኸው ነው።

ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ያለው ችሎት ፍርዱን የሰጠው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ምስክር አልተሰማም።

«ስማኝ ላቀው» አሉት ጋሽ ገበየሁ አንድ ጠዋት፣ ሮጦ ሲመለስ አስቁመው። «ጉልበት ቅባት አለው። ስንፈጠር ተሰፍሮ ነው የተሰጠን። አንተ የአርባ ዓመቱን በአራት ዓመት ልትጨርሰው ነው።»

«የት ነው የተሰፈረው ጋሼ? መዝገቡ እርስዎ ዘንድ ነበር?»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ገበየሁ አልሳቁም። ባጃጅ የሚጠግነው ሰውዬ ሊረዳቸው ጣልቃ ገባ። «እሳቸው ልክ ናቸው። ብዙ የሄደ ባጃጅ ኩሽኔታው ያልቃል። ስንቱን በእጄ ቀይሬያለሁ።»

«ባጃጅህ በሄደ ቁጥር ይጠነክራል?» አለው ላቀው።

«እንዴት ብሎ?»

«ጉልበት ይጠነክራል፤ ቀስ ብለህ ካለማመድከው።» መዳፎቹን አገጣጠመ። «በሁለቱ አጥንቶች መካከል ለስላሳ ነገር አለ፤ እንደ ጆሮህ የሚታጠፍ። የደም ሥር አይደርሰውም። ምግቡን የሚያገኘው ሲጫንና ሲለቀቅ ነው፤ ውኃ ውስጥ እንደነከርከው ስፖንጅ። ቁጭ ብለህ ስትውል ጾሙን ይውላል።»

«ጾም ደግሞ ምን ክፋት አለው?» አሉ ጋሽ ገበየሁ። የዚያን ቀን ክርክር ያሸነፉት እሳቸው ናቸው።

በየዓመቱ የስቅለት ዕለት ከተማው ሁሉ ሲሰግድ ይውላል። ላቀውም ይሰግዳል። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሰው ግድግዳ እየያዘ ሲሄድ፣ ከወንበር ሲነሳ ስመ ሥላሴን ሲጠራ፣ እሱ ቁምጣውን ለብሶ በደጀን መንገድ ይወጣል። ይህን ያየ ሰው «ዓመቱን ሙሉ ስለሚንቀሳቀስ ነው» ይላል ብለህ ትጠብቃለህ። አላሉም። «ሥር ይጠጣል» አሉ። ሦስት ሰዎች በድብቅ ጤና ጣቢያ ሄደው ሥሩን እንዲሸጥላቸው ለምነውታል። ከሦስቱ አንዱ የወንበሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ከዘራ ይይዛሉ።

የሰሙት ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያዋ እናኑ ናት፤ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ፣ ክብደቷ ከበርበሬው የሚስተካከል ሴት። ጉልበቷ ሲታጠፍ ደረቅ እንጨት ይሰበራል ትል ነበር።

«እኔ ልሩጥ እንዴ?» አለችው።

«አትሩጪ። እስከ ወፍጮ ቤቱ ሄደሽ ተመለሺ።»

«ከዚያስ?»

«ነገም እንደዚሁ።»

«ይኸው ነው መድኃኒቱ?»

«ይኸው ነው። ቀስ በይ፤ ማንም አያባርርሽም።»

በዓመቱ የምትደገፍበትን ዱላ ለቡና ማገዶ አደረገችው። እሷን ያዩ ሌሎች አራት ሰዎች ተጨመሩ፤ አምስት ሆኑ። ጠዋት ጠዋት እነሱ ሲራመዱ ላቀው ወደ ፊት ይሮጥና ይመለስላቸዋል፤ ደግሞ ይሮጥና ይመለሳል። ወንበሩ «እረኛው ከብቱን አስወጣ» ይል ነበር። አምስቱ ግን የሚያምኑት ምክሩን አልነበረም፤ ጉልበቱን ነው። እሱ ካላነከሰ እነሱም አያነክሱም። ላቀውም ይህን ያውቃል። ጉልበቱ አንድ ቀን ቢከዳው አምስቱ ተመልሰው እንደሚቀመጡ፣ ከዚያ በኋላ ማንም እንደማያስነሳቸው ያውቅ ነበር።

ስለ ራሴ የማወራው ለነገሩ የሚበቃውን ያህል ነው። እኔ ጫኝና አውራጅ ነኝ። በእኛ ሥራ አንድ ደንብ አለ። ጆንያ የተሸከመ ሰው መኪናው ጋ ሳይደርስ መሬት ካስቀመጠው፣ ጓደኞቹ ጆንያውን ከበው እንደ ሬሳ ያለቅሱበታል። ሸሚዛቸውን እንደ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ደረት እየመቱ፣ «አንተ የኩንታል ጀግና፣ ማን ጣለህ» እያሉ። እኔ ጥሩ አልቃሽ ነበርኩ። አልቅሼበት ከቡድኑ የወጣ ሰው አለ። ስለዚህ የራሴ ቀኝ ጉልበት ማበጥ ሲጀምር ለማንም አልተናገርኩም። ከቡድኑ ከወጣሁ የማውቀው ሌላ ሥራ የለም። ዕድሜዬ አርባን አልፎ ፊደል እንኳ አልቆጠርኩም ነበር።

ላቀው ዘንድ ሄድኩ። ጉልበቴን ጫን ጫን አድርጎ አየ፤ ምን ያህል እንደምሸከም ጠየቀኝ። ክኒን አልሰጠኝም። መርፌ አልወጋኝም። ወረቀት ላይ ጻፈ ጻፈና አጥፎ ሰጠኝ። «ይህን አድርግና ከወር በኋላ ተመለስ» አለኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ማንበብ አልችልም ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ወደ መድኃኒት ቤት ወሰድኩት። ባለ መድኃኒት ቤቷ አንብባ መለሰችልኝ፤ «ይኼ የሚሸጥ አይደለም፤ አንተው ዘንድ የሚሆን ነው» አለች። ሰው እየሰማ «ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ለእኔ ሞት ነው።

ቤቴ ገብቼ አሰብኩበት። ለሕመም የተሰጠ ጽሑፍ፤ አይዋጥ፣ አይጠጣ፣ መድኃኒት ቤት አይሸጠው፣ እኔው ዘንድ የሚሆን። እንዲህ ያለ ነገር የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ለጫማ ሰፊ ሰጥቼ በቆዳ አስለበስኩትና ከጉልበቴ በላይ አሰርኩት።

ደግሞ ተሻለኝ። ክረምት ገብቶ ሥራ ስለቀዘቀዘ ነው፤ እኔ ግን ምስጋናውን ለክታቡ ሰጠሁ። እንዲያውም ለሁለት ጓደኞቼ «የላቀው ጽሑፍ ይሠራል፤ አስጽፉ» ብዬ መክሬያለሁ።

አዝመራው ገብቶ ሥራው ሲመለስ እብጠቱም ተመለሰ። ላቀው ሱሪዬን ወደ ላይ ሰብስቦ ቆዳውን አየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የሰጠኸኝ ነዋ።»

በምላጭ ቀደደው። የገዛ እጅ ጽሑፉን አወጣ። ገልበጥ አድርጎ አየው። ከዚያ ሳቀ። ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። በሩ ክፍት ነበር፤ ሰልፉ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ «ክታብ አድርጎ አሰረው» ብሎ ነገራቸው። ሰልፉም ሳቀ። እንደ ቅዱስ ሰው አድርጌ የጻፍኩት እንዳይመስል ይህን አልደበቅኩም። ስቆ ሲያበቃ አነበበልኝ። «በየቀኑ ሜዳ ሜዳውን ተራመድ። ወንበር ላይ ተቀምጠህ እግርህን ዘርጋ፤ እስከ አስር ቁጠርና መልስ። ሁለት ጆንያ ደርበህ አትሸከም። ሲያምህ አውርድ፤ አርፈህ ቀጥል።» እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎልማሶች ፊደል የሚማሩበት ክፍል እንዳለም ነገረኝ። ደግ አስቦ ነው። እኔ ግን ይዤ የወጣሁት ሳቁን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ እኔም ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቦታ አገኘሁ። ቂም ያለው ሰው እዚያ ወንበር ላይ ቦታ አያጣም፤ ጠጋ ጠጋ ይሉለታል።

የገና በዓል ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ላቀው ከሩጫው ሲመለስ ወንበሩ ጋ ቆመ። እንደ ወትሮው ተረከዙን እያነሳ እያወረደ ሰላምታ ሰጠን።

«ላቀው» አልኩት። «ለገና ሞጣ እናትህ ዘንድ አይደል የምትሄደው?»

«እግዜር ካለ።»

«እንዲህ ያለ ጉልበት ይዘህ ለምን አውቶቡስ ትጠብቃለህ? ሮጠህ ግባና እኛም ዝም እንበል።»

ጋሽ ገበየሁ ከዘራቸውን መሬት መቱ። «ይህ ነው ንግግር!»

ላቀው ተረከዙን ማንሳት አቆመ። እሱ የሚሮጠው በቀን አንድ ሰዓት ነው። ሞጣ በሦስት ቀን የሚገባ ሰው ወራት መለማመድ እንዳለበት ለእኛ የነገረን ራሱ ነው። ጉልበትን የሚጎዳው ሩጫ ሳይሆን ባንድ ጊዜ ማብዛት ነው ያለንም ራሱ ነው። ያን ጠዋት «ቀስ በል፤ ማንም አያባርርህም» የሚለውን ለራሱ ቢለው ኖሮ! ግን እያባረርነው ነበር። ስድስት ሆነን፣ ከወንበራችን ሳንነሳ።

«አሥር ቀን ነው ያለኝ» አለ።

«ታዲያ ተው» አልኩት። ይህን ቃል እንዴት አድርጌ እንዳልኩት አውቃለሁ።

«እሮጣለሁ» አለ።

ለምስክርነት የተላክሁት እኔ ነኝ። ጉንደ ወይን ሁለት ቀን ቆሞ እህል ጭኖ ሞጣ የሚያደርስ አይሱዙ ስለነበር ለመጫን አብሬ ሄድኩ። ላቀው በመጀመሪያው ቀን ደብረ ወርቅ አደረ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በጉንደ ወይን መግቢያ ብቅ ሲል አየሁት። መሮጥ አይባልም። ግራ እግሩን የሰው ዕቃ እንደሚያደርስ ሰው ነበር የሚያመጣው።

በማግስቱ ጠዋት ካደረበት አልቤርጎ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የግራ ጉልበቱ እንደ ቅል አብጧል። እጄን ይዞ አስቀመጠበት። ይሞቃል።

«አየህ?» አለኝ። «አንተም እንዲህ ባለው ጉልበት ነው ስትሸከም የምትውለው።»

«ሞጣ ቀርቧል እኮ» አልኩት። ለማጽናናት ነው ያልኩት ብዬ ልዋሽ እችል ነበር። ሲወድቅ ማየት ፈልጌ ነው።

«ቀርቧል። ዛሬ ብሮጥ እደርሳለሁም። ከዚያ ወዲያ ግን የምሮጥበት አይኖረኝም።»

አውቶቡስ መጣ። ላቀው እያነከሰ መንገዱ መሃል ገብቶ እጁን ዘረጋ።

«ስመለስ ምን ልበላቸው?»

«ያየኸውን ነዋ። ጉንደ ወይን ላይ ጉልበቱ አብጦ አውቶቡስ ተሳፈረ በል።»

«ይስቁብሃል።»

«እኔም ስቄብሃለሁ» አለ፣ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አድርጎ። «መሳቅ አልነበረብኝም። ይቅርታ ልልህ ስፈልግህ ወንበሩ ላይ ነበርክ።»

ገባና ተቀመጠ። ለወንበሩ ሰዎች አውቶቡሱን ነገርኳቸው። ይቅርታውን አልነገርኳቸውም።

ያን ሳምንት ቢቸና ዓመት በዓሉ የራሷ መሰላት። ጋሽ ገበየሁ ለወንበሩ ሁሉ ሻይ ጋበዙ፤ ከዚያ በፊት አላደረጉትም፤ ከዚያ በኋላም አልደገሙትም። አምስቱ ተራማጆች ከቤታቸው አልወጡም። እናኑ «እሱ ያልቻለውን እኔ ልችል?» ብላ ዱላ አስጠረበች።

ላቀው ከበዓሉ ሲመለስ እንደሚደበቅ ጠብቀን ነበር። ወንበሩ ጋ መጥቶ ቆመ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «የሩጫ አይደለም። ጉልበቴን ሳላለማምደው ሦስት ቀን የሚያስሮጥ መንገድ ጫንኩበት።»

«ይኸው በአፉ አመነ» አሉ ጋሽ ገበየሁ። ከንግግሩ ውስጥ የመጀመሪያዋን ብቻ ነው የወሰዷት።

ሁለት ወር አልሮጠም። እስከ ወፍጮ ቤቱ ይራመዳል፣ ይመለሳል። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘርግቶ እስከ አስር ይቆጥራል፤ ለእኔ የጻፈልኝን ማለት ነው። በጤና ጣቢያው ግቢ፣ ሰው እያየው። ከዚያ ትንሽ ሮጠ። ከዚያ ትንሽ ጨመረ። እናኑ ከበርበሬዋ ኋላ ሆና ሦስት ወር ስታየው ቆየችና አንድ ጠዋት ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት።

እኔስ? አንድ የገበያ ቀን፣ ከመጋዘኑና ከመኪናው መካከል፣ ትከሻዬ ላይ ጤፍ ተሸክሜ ጉልበቴ ተያዘ። አንድ ሰው በመንገድ መሃል ቆሞ አውቶቡስ ሲያስቆም ዓይኔ ላይ መጣ። ጆንያውን መሬት አስቀመጥኩት። አለቀሱበት። እኔ ያስተማርኳቸውን ልቅሶ፣ ከእኔ አሳምረው። ወር ሙሉ የጆንያ አፍ ስሰፋ ዋልኩ። ከዚያ አንድ አንድ እየተሸከምኩ ተመለስኩ፤ ዛሬም እሸከማለሁ። ከአልቃሾቹ ሁለቱ ዛሬ ወንበሩ ላይ ናቸው። እሑድ እሑድ ፊደል ቆጠርኩ፤ ጠዋት ጠዋት ከእነ እናኑ ጋር መራመድ ጀመርኩ፣ በኋላም ዘገም እያልኩ መሮጥ። ላቀው ጡረታ ወጥቶ ወደ ሞጣ ሲመለስ «እኔን ተክተህ አውጣቸው» አለኝ። ስለ ይቅርታው አንድ ቀን እንኳ አላነሳሁለትም። እሱም መልስ አልጠየቀኝም።

ሞቱ በተሰማ በማግስቱ አራት ሆነን ለልቅሶ ሞጣ ሄድን። ጋሽ ገበየሁ መጀመሪያ የተመዘገቡት ናቸው። ሚስቱ ወይዘሮ ዘነቡ ደረታቸውን በነጠላ አስረው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። እግዜር ያጽናዎት ተባለ። ምን እንዳገኘው እዚያ ነው የተጠየቀው።

«ጉበቱ ነው» አሉ። «ስድስት ወር አልጋ ላይ ነበር።»

ጋሽ ገበየሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጉልበቱስ፣ እመቤት?»

ሴትዮዋ ቀና አሉ። «እንደምትጠይቁ ነግሮኝ ነበር» አሉ። «አትደብቂያቸው ብሎኛል። የግራው ያመው ነበር፤ ደረጃ ሲወጣ፣ ብርድ ሲሆን። የቀኙ ምንም አላለውም።»

ጋሽ ገበየሁ ዞረው አንድ በአንድ አዩን። «አላልኩም?» አሉ። ንፍሮው በዚያ ሰዓት የጣፈጣቸውን ያህል ለማንም ጣፍጦት አያውቅም።

ከመቼ ጀምሮ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ጠየቅኩ።

«ከጉንደ ወይኑ ወዲህ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ። «ያን ሁሉ ዓመት ሲሮጥ አንድ ቀን ጉልበቴን ሲል አልሰማሁም። አንድ ሰው ሩጥ ብሎት ነው አሉ እዚያ እናንተ ዘንድ። ማን እንደሆነ ብጠይቀው ስሙን አልነግርሽም አለኝ።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ሟቹ ዝም ብሎልኛል።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንተ?» አዩኝ። «ምን በድሎህ?»

«ስቆብኝ ነበር።»

መልሱ ለብዙ ዓመት ውስጤ ሆኖ ትልቅ ነበር። ድንኳን ውስጥ ጮክ ብሎ ሲነገር ምን ያህል እንደሚያንስ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ሴትዮዋ «ቁጭ በል» አሉኝ። ጋሽ ገበየሁ ግን የእኔን ንግግር አልሰሙትም። ከ«የግራው ያመው ነበር» በኋላ የሰሙት ነገር ያለ አይመስለኝም።

ማታውን ቢቸና ገባን። በማግስቱ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ቆማ የምትጠብቀኝ እናኑ ብቻ ናት።

«ሌሎቹስ?»

«አይመጡም። ሯጩ ጉልበቱ አልቆ ነው የሞተው ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ጋሽ ገበየሁ ናቸዋ። ሚስቱ አፏን ሞልታ ነገረችኝ አሉ። እኔም ይህንኑ ልነግርህ ነው የመጣሁት፤ እንዳትጠብቀኝ።»

ነገርኳት። የግራው ብቻ እንደሆነ፣ ከጉንደ ወይኑ ሩጫ ወዲህ እንደሆነ፣ ሩጥ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ። ለምን እንዳልኩትም፣ ክታቡንም፣ መሰላሉ ላይ ቆሞ ያለኝንም፣ ለወንበሩ ሰዎች ሳልነግር የደበቅኩትንም።

«አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ክፉ ነህ።»

«አዎ።»

ወደ ቤቷ አቅጣጫ አየች። ከእሷ በስተቀር የቀረ ሰው የለም። እሷ ከተመለሰች ላቀው ቢቸና ላይ የሠራው ሁሉ አበቃ። ልለምናት ፈለግኩ፤ ለስድብ ነው እንጂ ለልመና ቃል አይመጣልኝም።

«ጋሽ ገበየሁ ከወንበር ሲነሱ አይተሃቸው ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ትናንት አይቻለሁ። ከድንኳኑ ያነሳናቸው ለሁለት ነው።»

ነጠላዋን ከወገቧ ላይ ፈትታ እንደገና አጥብቃ አሰረች።

«ታዲያ ምን ቆመን እናወራለን?» አለች። እኔ ገና ሳልንቀሳቀስ በደጀኑ መንገድ ቀድማኝ ሄደች።